የበሬ ሙገሳና ባለልኳንዳው ዳኛ

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። ይህን ተረት የተረተው ሰው ጋምቤላን አላያትም። እዚህ ጉድ መስከረምን አይጠብቅም፤ ባሻው ወር ይመጣል። እኔ ወርቁ ባለልኳንዳው ከቡልጋ ወርጄ እዚህ ከተማ ሥጋ ስሰቅል ስኖር፣ ከእንግዲህ የሚያስደነግጠኝ ነገር የለም ብዬ ነበር። ብዬ ነበር ነው የምልህ።

እስቲ ልጠይቅህ። በሬ ስታይ ምን ይታይሃል? እውነቱን ተናገር፣ ማንም አይሰማንም። እኔ በሬ ሳይ ሻኛ ይታየኛል። ታናሽ ይታየኛል። ሽንጡ፣ ጎድኑ፣ ፍሪምባው በየመንጠቆው ተሰቅሎ ይታየኛል። በሬው ገና ቆሞ ሣር እየጋጠ እኔ በልቤ ገንጥዬ ጨርሼዋለሁ። ባለቤቴ አስካለ፣ ሰርግ ቤት ሄደን እንኳ የሙሽራውን ትከሻ እንደ ሻኛ ነው የምታየው ትለኛለች። ትቀልዳለች። በእርግጥ የአንዱን ሙሽራ ትከሻ አይቼ ተገርሜ ነበር፤ እሱን እንተወው።

አሁን ድሬሰር ቾልን ላስተዋውቅህ። ቾል ጤና ጣቢያው ውስጥ መርፌ ይወጋል፣ ቁስል ያጥባል። ኑዌር ነው፤ ተወልዶ ያደገው በኢታንግ በኩል፣ ከብት መሀል ነው። ነጭ ጋዋኑ አንድ ቀን ቆሽሾ አይቼው አላውቅም። እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ፊት ቆሞ ያዘምራል። አማርኛውን ትምህርት ቤት ነው የለመደው፤ ቀስ ብሎ፣ ቃሉን መርጦ ነው የሚናገረው። እንደ እኛ አይለፈልፍም። ባጭሩ ልጅህን የምትድርለት ዓይነት ሰው ነው።

ታዲያ አንድ ቀን ከብት ልይ ብዬ ከባሮ ድልድይ ማዶ እልፋለሁ። ምን ባይ ጥሩ ነው? ቾል! ያ የጋዋኑ ቾል! ወገቡ ድረስ ራቁቱን ነው፣ ገላው አመድ ተቀብቷል፣ ሁለት እጆቹን እንደ ቀንድ ወደ ላይ ቆልምሞ ከአንድ ፊተ ነጭ በሬ ጎን ይሮጣል። በሬው አንገት ላይ ቃጭል፣ ቀንዱ ጫፍ ላይ የክር ዘርፍ። ቾል ይዘፍናል። ለማን? ለበሬው!

በስመ አብ ብዬ አማተብኩ። ወባ ጭንቅላቱ ላይ ወጣበት ብዬ እኮ ነው! ሮጬ ሰው ልጠራ ስል አየኝ። ምንም ሳያፍር፣ ላቡን በክንዱ እየጠረገ፣ "ጋሽ ወርቁ፣ ደህና ዋልክ?" አለኝ። አመድ የተቀባ ሰው ደህና ዋልክ ሲልህ ምን ትመልሳለህ?

እሱ ግን ረጋ ብሎ አስረዳኝ። በሬው ኩዌ ይባላል። ኩዌ ማለት ባሮ ላይ የሚያንዣብበውን ያን ፊተ ነጭ ዓሣ አዳኝ ንስር የመሰለ ማለት ነው። ቾል ለአቅመ አዳም ሲደርስ አባቱ የሰጡት በሬ ነው፤ አባቱ አሁን የሉም። ከዚያን ቀን ጀምሮ እኩዮቹ የሚጠሩት ቾል ብለው ሳይሆን ኩዌ ብለው ነው። የበሬው ስም የሰውየው ስም ሆነ ማለት ነው። ጎረምሶቹ በሬዎቻቸውን አስጊጠው ይወጣሉ፣ እያንዳንዱ የበሬውን መልክና የቀንዱን ቅርጽ በግጥም ያወድሳል። በሬ ከበሬ አይዋጋም። ማንም ዱላ አያነሳበትም። አንዲት ጠብታ ደም አትፈስም። የሚያልበው ሰውየው ነው፤ በሬው ያመሰኳል።

ታዲያ ማነው የሚያሸንፈው አልኩት። አዝማቹን ሰው የተቀበለለት፣ በተለይ ልጃገረዶቹ የተቀበሉለት፣ አለኝ። ቤተ ክርስቲያንህ ምን ይላል ብዬ ደግሞ ነካካሁት። "ፓስተሩም በሬ አላቸው" አለኝና አረፈው።

ያን ቀን ልኳንዳዬ ውስጥ ሆኜ የሳቅሁት ሳቅ! ለመጣው ደንበኛ ሁሉ ነገርኩ። ሰው እንዴት በበሬ ስም ይጠራል? በጥብስ ስም እንደ መጠራት እኮ ነው! ማታ ለአስካለም ነገርኳት፤ አልሳቀችም። "ቡልጋ ያሉት አያትህ አባ ገስግስ አልነበር የሚባሉት? ገስግስ ማነው? ፈረሳቸው አይደል? ፈረስ ሲሆን ክብር፣ በሬ ሲሆን ጉድ?" አለችኝ። ይህች ሴት አንዳንዴ ዝም ብትል ምን አለበት?

ይህ ሁሉ የሆነው አዲሱ ክልል ገና በተቋቋመ ሰሞን ነው። ያኔ ክልላችን ገና በቁጥር ነበር የሚጠራው። ቢሮው ተከፍቶ ወንበር የለም፣ ወንበር መጥቶ ቢሮ የለም። እንግዲህ ተመልከት፤ ክልሉ ቁጥር ብቻ ይዞ የቾል በሬ ስም ነበረው።

ያን ጊዜ ከመሀል አገር እንግዶች ይመጣሉ ተባለና አቀባበል አዘጋጅ ኮሚቴ ተዋቀረ። ጸሐፊው አቶ ደምሴ የሚባል፣ ከመቲ የወረደ የቡና ገበሬ ልጅ ነው። ልቡ ንጹሕ ነው፤ ችግሩ ሁሉን ነገር ማሳመር መፈለጉ ነው። ስለ በሬው ጨዋታ ሰማ። ከማን? ከእኔ ነዋ! እየሳቅሁ የነገርኩትን እሱ ቁም ነገር አድርጎ ያዘው። ለእንግዶቹ ይህ ይታያል፣ ደንብ ይወጣለታል፣ ዳኛም ይሰየማል አለ።

ዳኛው ማን ይሁን? እዚህ ላይ ነው ጉዱ። ኑዌሩን ቢያደርጉት ለሰፈሩ ያደላል፣ አኙዋኩን ቢያደርጉት ምን አገባው ይባላል። ገለልተኛ ሰው ይፈለግ ተባለ። ደግሞ በሬ የሚያውቅ መሆን አለበት። ደምሴ እየሮጠ ልኳንዳዬ መጣና፣ ከአንተ የበለጠ በሬ የሚያውቅ ማን አለ ጋሽ ወርቁ አለኝ። እኔም፣ እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ። ሰው ሲሾም አይኑ ይጨልማል። በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የተባለው ለበሬ ብቻ መስሎሃል? ደግሞ ቢላዎችህንም ይዘህ ና አለኝ። ለግብዣው ነው ብዬ እሺ አልኩ።

ቀኑ ደረሰ። ሜዳው በሰው ጢም ብሏል። በሬዎቹ ተሰልፈዋል፤ ያ ሁሉ ቃጭል፣ ያ ሁሉ ዘርፍ። እኔ ካፖርቴን ለብሼ፣ በዚያ ሙቀት ካፖርት፣ አስበው፣ ብቅ ስል ጎረምሶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ለካ ከተማው ሁሉ ያውቀኛል። አራጁ ዳኛ ሆኖ መጣ! አንዱ በሬውን ወደ ኋላ ሳበው። እኔ ደግሞ እንደ ልማዴ ጠጋ ብዬ የአንዱን በሬ ሻኛ ጨበጥ አደረግሁ። ባለቤቱ እጄን አይቶ ያፈጠጠብኝን ማፍጠጥ እስካሁን አልረሳውም። ቾል በፍጥነት መጥቶ፣ ጋሽ ወርቁ፣ በሬ እንዲህ አይነካም፣ ቀንዱን አይተህ አድንቅ ብቻ አለኝ። በቀንድ ምን ይሠራል? ቀንድ አይጠበስ! እንደዚያ ብዬ አሰብኩ።

ጨዋታው ሊጀመር ሲል ደምሴ ማይኩን ያዘ። ቾል አማርኛና ኑዌርኛ ስለሚችል አስተርጓሚ ተደርጎ አጠገቡ ቆሟል። ደምሴ ጉሮሮውን ጠረገና እንግዶቹን አመሰገነ፤ ቾል ተረጎመ። ስለ ባህል ተናገረ፤ ቾል ተረጎመ። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ ምን አለ መሰለህ?

"አሸናፊ የሆነው በሬ በዛሬው ዕለት ለክቡራን እንግዶቻችን ምሳ ታርዶ የመቅረብ ክብር ይጎናጸፋል! ባለቤቱም በምትኩ ጥጃ ያስከተለች ላም ይሸለማል!"

እንግዶቹ አጨበጨቡ። ቾል ግን አልተረጎመም። ዓይኑ ወደ ኩዌ ሄደ፣ ከዚያ ወደ እኔ፣ ከዚያ ካጠገቤ ወዳለው የቢላ ጥቅልል። እግዚኦ! ያን ጊዜ ነው ቢላ ይዘህ ና የተባልኩበት ምክንያት የገባኝ። ደምሴ፣ ተርጉም እንጂ ወንድሜ፣ ምን ሆንክ ይለዋል። የራስህን ሞት ተርጉም ብትባል ምን ትሆናለህ? ቾል በመጨረሻ ተረጎመው። ቀስ ብሎ፣ ቃሉን መርጦ።

ጎረምሶቹ የበሬዎቻቸውን ገመድ ጠበቅ አድርገው ያዙ። ቃጭሎቹ እንኳ የቆሙ መሰለኝ።

ቾል ወደ እኔ መጣ። ጨዋታውን ጥላችሁ ለምን አትሄዱም አልኩት ቀስ ብዬ። ራሱን ነቀነቀ። በሬ ይዞ ወጥቶ ሳያመሰግን የተመለሰ ሰው፣ በሬዬ አይረባም ማለቱ ነው አለኝ፤ በሬዬ አይረባም ማለት ደግሞ እኔ አልረባም ማለት ነው። እንግዲያው አበላሽተህ ዝፈን፣ በሬህን ስደበው አልኩት። እንደ እብድ አየኝ። "አባቴ የሰጡኝን ስም በሰው ፊት ልስደብ?" አለኝ። ካመሰገነ በሬው ይታረዳል፣ ካላመሰገነ ስሙ ይታረዳል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ስንል የምንኖር እኛ አይደለንም እንዴ?

የመጀመሪያው ተራ ሩአች የሚባል፣ ቁመቱ የስልክ እንጨት የሚያክል የሌላ ሰፈር ጎረምሳ ነበር። ወደ መሀል ወጣ። አንዴ የራሱን ዥንጉርጉር በሬ አየ። አንዴ ሰማዩን አየ። ከዚያ እጆቹን አንስቶ ማወደስ ጀመረ። ማንን? ኩዌን! የቾልን በሬ!

ሕዝቡ ሲደነግጥ አየሁ። ልጃገረዶቹ ሊያጨበጭቡ ያነሱት እጅ አየር ላይ ቀረ። በዚህ ጨዋታ የሰው በሬ የሚያወድስ ሰው ከዚያን ቀን በፊት ታይቶ አይታወቅም አሉ። የሩአች ግጥም ደግሞ ማማሩ! ኩዌ ከንስሩ ይልቅ ያማረ፣ ኩዌ የበሬዎች ሁሉ ቁንጮ። ቾል ፊቱ እንደተቀባው አመድ ሆነ። ተራውን እንኳ ሳይጠብቅ ዘሎ ወጣና የሩአችን ዥንጉርጉር እስከ ሰማይ ሰቀለው። ሦስተኛው የአራተኛውን አመሰገነ፣ አራተኛው የሦስተኛውን። ያንተ ያምራል፣ የለም ያንተ ነው የሚያምር! በሬ ወለደ የምልህ እንዳይመስልህ፤ በዓይኔ ያየሁትን ነው። ማመስገን ማሳረድ ሆነ።

እዚያ እንግዶቹ ጋ ግን ሌላ ዓለም ነው። ደምሴ ፊቱ በርቶ ያስረዳል። ተመልከቱ፣ አንዱ የአንዱን በሬ ያደንቃል፣ ይህ ነው መቻቻል፣ ይህ ነው መከባበር ይላቸዋል። እንግዶቹ ራሳቸውን በአድናቆት ይነቀንቃሉ። አንደኛው ፎቶ ያነሳል።

በሬዎቹ ጋ መከባበሩ እየጋለ መጣ። የሩአች ሰፈር ሰዎች ወደ ፊት ገፉ፣ የቾል ሰፈር ሰዎችም ገፉ። ምነው በሬያችንን አመሰገናችሁ ብሎ ጠብ! ዱላ ሲጨበጥ አየሁ። ደም የማያውቅ ጨዋታ ደም ሊያፈስ እኮ ነው፤ ለዚያውም የሰው። ዳኛ ነኝና ሁሉም የሚያየው እኔን ነው። አስካለ ከሕዝቡ መሀል፣ አንተ ሰውዬ አንድ ነገር በል ስትል በግልጽ ይሰማኛል።

የቾል አጎት ያን ጊዜ ነው የተነሡት። ዕድሜ የጠገቡ ሽማግሌ ናቸው፤ ሁሉም ጓንዶንግ ይላቸዋል፣ አያት እንደ ማለት ነው። ምርኩዛቸውን ይዘው በሁለቱ ሰፈሮች መሀል ቀስ ብለው አለፉ። ዱላ የያዘው ሁሉ መንገድ ለቀቀላቸው። ፊቴ መጥተው ቆሙና አንድ ነገር ጠየቁኝ። ቾል ተረጎመልኝ።

"ዳኛው በሬ የለውም ወይ ይላሉ።"

በሬማ አለኝ እንጂ! ደምሴ ቢላ ይዘህ ና ሲለኝ ለግብዣው የሚታረደውም ከእኔ የሚፈለግ መስሎኝ፣ ከፑኝዶ ከመጣ ነጋዴ የገዛሁትን በሬ ማለዳ ነድቼ ከማንጎው ሥር አስሬው ነበር። አመድማ ነው፣ አንዱ ቀንዱ ተጣሞ ወደ መሬት ያያል። በዚያ ቀንዱ ምክንያት ለእርሻ ማንም አልፈለገውም። ለእኔ ግን ከቆዳው በታች ያለው በቂ ነው።

ሽማግሌው ወደ ማንጎው ሄዱ። ሕዝቡ ተከተላቸው። በሬዬን ዞረው አዩት። የተጣመመውን ቀንድ ሲያዩ ከሁሉም አፍ አንድ ድምፅ ወጣ። ምን አሉ ብዬ ቾልን ያዝኩት። እኛ እንዲህ ያለ ቀንድ ለማግኘት ከጥጃነቱ ጀምረን ስንት እንደክማለን፣ ይህን ግን እግዚአብሔር ራሱ ቆልምሞታል አለኝ። አመድማው መልኩ ሊት ይባላል አለኝ። በሬዬ ሊት መሆኑን ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት!

ቾል እጆቹን አነሣ። አንዱን ወደ ሰማይ፣ አንዱን ወደ መሬት፣ ልክ እንደ በሬዬ ቀንድ። ዘፈነ። ሩአች አዝማቹን ተቀበለው። ከዚያ ሁሉም፣ ልጃገረዶቹም፣ ዱላ የጨበጡትም ዱላቸውን ጥለው፣ ሜዳው ሙሉ አንድ እጅ ወደ ላይ አንድ እጅ ወደ ታች ሆነ። ጓንዶንግ ራሳቸው ምርኩዛቸውን አንስተው ነበር። እንግዶቹም ሳይገባቸው እጃቸውን አነሡ። ግጥሙን ቾል በኋላ እንዲህ ብሎ ነግሮኛል፦

ሊት፣ ዝናብ ያረገዘ ሰማይ የመሰልክ፣
አንዱ ቀንድህ ደመናውን ይጠይቃል፣ አንዱ ቀንድህ ወንዙን፣
ጌታህ ቢላ ይስላል፣ አንተ ሣር ታመነዥካለህ፣
ሊት፣ እንዳንተ የማይፈራ ማነው?

እኔም ፈረድኩ። አሸናፊው የእኔው በሬ ነው አልኩ። ደምሴ ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ፣ ጋሽ ወርቁ ምን ነካህ፣ ዳኛ ለራሱ ይፈርዳል እንዴ፣ ይህ እኮ ግልጽ አድልዎ ነው አለኝ። ለሕዝቡ ንገረው አልኩት። ሕዝቡ በእልልታ ሜዳውን ሲያናጋው እሱም አጨበጨበ። ቾል አንገቴ ላይ ተጠመጠመ። ያ ኩሩ ሰው አለቀሰ፤ አመዱ በእንባ ተቦክቶ ካፖርቴ ላይ ቀረ። ሩአችና ቾል ተቃቀፉ። በሬያቸው ተረፈ፣ ስማቸውም ተረፈ። የተጎዳ ሰው የለም። የእኔ እንደሆነ ድሮም ለመታረድ የመጣ ነው። በሬ ካራጁ ይውላል አይደል የሚባለው?

ቢላዬን አወጣሁ። ሳልኩት። ሰዎች በሬውን ጠልፈው ጣሉት። ተንበረከክሁና የአንገቱን ቦታ በጣቴ ፈለግሁ። ይህን ሥራ ዓይኔን ጨፍኜ እሠራዋለሁ። በስመ አብ ልል አፌን ስከፍት ምን ወጣ መሰለህ? ዜማው። የቾል ዜማ! ቃሉን አላውቀውም፣ ሊት የምትለዋን ብቻ ነው የማውቀው። ሊት ስል በሬው ጆሮውን ወደ እኔ አዞረ። ዝንብ ይሆናል ያዞረው። ዝንብ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩ። እጄ ግን አልሰማኝም። ሻኛውን አየሁ፣ ሻኛ አልታየኝም። ሽንጥ፣ ጎድን፣ ታናሽ፣ የት ሄዱ? አንድ ሙሉ በሬ ነው ፊቴ የተኛው፣ ቀንዱ የተጣመመ፣ ስም ያለው። እኔ ወርቁ፣ በልኳንዳ ሥራ የሸበትኩ ሰው፣ በዚያ ሁሉ እንግዳ ፊት እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። አፈርኩ። ፍቱት አልኩ።

ያን ጊዜ የደነገጡት እነ ቾል ናቸው። ቾል ክንዴን ያዘ። "ጋሽ ወርቁ፣ ምን ሆንክ? ያንተ እኮ ለሥጋ ነው!" አለኝ። ለሥጋማ ከሆነ ማን ዝፈንለት አለህ አልኩት፣ ቆጣ ብዬ። ጓንዶንግ ተተርጉሞላቸው ሲሰሙ ጥርስ በሌለው አፋቸው እስኪያስላቸው ሳቁ።

እንግዶቹ ምሳቸውን ከባሮ የወጣ ዓሣ በሉ። ደምሴ ላሟን ሊሰጠኝ አልፈቀደም፤ ካልታረደ ሽልማት የለም ብሎ ተኮሳተረ፣ እውነቱን ነው። ሊት ቤቴ ጓሮ ታስሮ ይኖራል። አስካለ እያጉረመረመች ሣር ታጭድለታለች፤ ጠዋት ጠዋት ስታዋራው ግን ሰምቻታለሁ። የኢታንግ ጎረምሶች መንገድ ላይ ሲያገኙኝ አንድ እጃቸውን ወደ ላይ፣ አንዱን ወደ ታች አድርገው "ሊት!" ይሉኛል። በሬውን ሳይሆን እኔን።

እንግዲህ ወርቁ ልቡ ራራ፣ ልኳንዳውንም ዘጋ ብለህ ደስ እንዳይልህ። ኧረ ወዲያ! ልጆቼን ምን ላብላቸው? በማግስቱ ከጎግ የመጣ ቀይ በሬ አርጄ ሻኛው ሲቸበቸብ ዋለ። በሬ ስገዛ ዛሬም ጥርሱን አያለሁ፣ ሻኛውን እጨብጣለሁ፣ ከሻጩ ጋር እጨቃጨቃለሁ። አንድ ነገር ብቻ አላደርግም። ሻጩ ስለ በሬው መልክ ሊነግረኝ አፉን ሲከፍት፣ ተው ወንድሜ እለዋለሁ፣ ስሙን እንዳትነግረኝ።